ማን አራቃት?

ሀዎ ዋርሳን በድሬዳዋ መጋላ ሰፈር፣ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጎን በተጣበቀች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የአንዱን ሰው ወረቀት ወደ ሌላው ሰው ቋንቋ እየመለሰች የምትተዳደር ሴት ናት። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሚያስተረጉም፣ ለፍርድ ቤት አቤቱታ የሚያስጽፍ፣ ከውጭ የመጣ የሐኪም ደብዳቤ ግራ የገባው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲከር በሯን ትዘጋለች፤ ዐሥር ሰዓት ላይ መልሳ ትከፍታለች። ስንት ቋንቋ እንደምትችል የሚጠይቋትን፣ «አራት ተኩል» ትላቸዋለች። ግማሿ የባቡር ፈረንሳይኛ ናት።

የተወለደችበት ቦታ ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። ከጅቡቲ ወደብ ሲቆጠር ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ በሁርሶና በኤረር መካከል፣ የምድር ባቡር ኩባንያ አንዲት ትንሽ ጣቢያ፣ አንድ የውሃ ማጠራቀሚያና አምስት የድንጋይ ቤቶች ሠርቶ ነበር። ቁጥሩ በነጭ ድንጋይ ላይ ተጽፎ ሐዲዱ ዳር ቆሟል። ሰዉ አሳጥሮ «ሃምሳ ሁለት» ይላታል። አባቷ ዋርሳን የሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ መዶሻውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጠዋት ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ ከሰዓት ወደ ምዕራብ። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ወልደጻድቅ የሚባሉ፣ በልጅነታቸው ዲቁና የተማሩ የሸዋ ሰው ነበሩ። ልጆቹ በፈረንሳዮቹ ልማድ «ሼፍ» እያሉ ይጠሯቸዋል። ሀዎን ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው፤ በትኬት ጀርባ ላይ እየጻፉ።

አሁን ያንን ቦታ ለማያውቀው ሰው ስታወራ፣ ሀዎ አብዝታ የምታነሣው ስልኩን ነው። ጣቢያው ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ፣ እጀታው የሚዘወር ስልክ ነበር። ባቡሩ ከኤረር ሲነሣ የኤረሩ ኃላፊ ይደውላል፤ ሼፍ ደግሞ ወደ በረንዳ ወጥተው «ኤረርን ለቋል!» ብለው ይጮኻሉ። በዚህ ጊዜ እናቷ ሩዙን ትጥዳለች። ወተት የምትሸጠዋ ሴት ጣሳዋን ታጥባለች። ሰምሰም የምትባለው የጎረቤት ልጅ፣ የሀዎ እኩያ፣ ፀጉሯን በውሃ ታርሳለች። ሩዙ ሲበስል ባቡሩ ይደርሳል። ከኤረር ማንጎ ጭነው የሚመጡ ሴቶች በመስኮት ያዞራሉ፤ ከድሬ የሚመጣው ደግሞ ትኩስ ዳቦ፣ በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ፣ የሦስት ቀን ጋዜጣ፣ አንዳንዴም የሠርግ ጥሪ ያወርዳል። ሃምሳ ሁለት ላይ የሚኖር ሰው ከጅቡቲ ምን ዓይነት ሽርጥ እንደገባ ከድሬ ነጋዴ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ሊቶሪና የምትባለዋ ፈጣን ባቡር ግን ሳትቆም ታልፋለች፤ ሀዎና ሰምሰም በተሳፋሪዎቹ ላይ ምላሳቸውን ያወጣሉ።

ዐሥር ዓመት ሲሞላት ገንደ ቆሬ ሰፈር አጎቷ ቤት ተቀምጣ እንድትማር ወደ ድሬ ተላከች። ዓርብ ከሰዓት በዕቃና ሰው ባቡር ወደ ሃምሳ ሁለት ትመጣለች፣ እሑድ ትመለሳለች። የሠራተኛ ልጅ ስለሆነች በነፃ ነው የምትሳፈረው። አድጋ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ የኩባንያው ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ሆና ስትቀጠርም ልማዱ አልቀረም። በዚያ ጊዜ ሂሻም የሚባል፣ አያቱ ከየመን የመጡ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። የማን ልጅ እንደሆነች፣ በነፃ እንደምትሄድ አሳምሮ ያውቃል። ግን ዓርብ በመጣ ቁጥር አጠገቧ ቆሞ «መታወቂያ» ይላታል። አንድ ዓመት ሙሉ ጠየቃት።

አንድ ዓርብ ሀዎ በጣም ተናዳ፣ «ሰውዬ፣ ዓይንህን ያምሃል እንዴ?» አለችው።

«እንጃ» አለ ሂሻም። «ደግሜ ልየው እስቲ።»

ሲጋቡ ቤተሰቦቹ ወርቁን አመጡ፤ እሱ ደግሞ ከጅቡቲ አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጡብ የሚያክል የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገዝቶ አመጣላት። «ወርቁ የእነሱ ነው፣ ይሄ የእኔ ነው» አላት። መዝገበ ቃላቱ ዛሬም ጠረጴዛዋ ላይ አለ። ገጾቹ ከመገለጥ ብዛት ጫፋቸው እንደ ጨርቅ ለስልሷል።

ባቡሩ በአንድ ቀን አልቆመም። መጀመሪያ በየቀኑ መምጣቱ ቀረና በሳምንት ሁለቴ ሆነ። ከዚያ በሳምንት አንዴ። ከዚያ ሼፍ ጡረታ ወጡና በእሳቸው ቦታ ሰው አልመጣም። ስልኩን አንድ ሰው ነቅሎ ወሰደው። ከዐሥራ ሰባት ዓመት በፊት ከድሬ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ባቡር ጨርሶ ቀረ። ሂሻም ሥራ ከፈታ በኋላ ጥቂት ዓመታት ኖሮ ኩላሊቱን ታመመ፤ ሀዎ ለአምስት ዓመት ከአልጋው ሳትለይ አስታመመችው፣ ሞተ። አባቷ ዋርሳን «ሐዲዱን ጥዬ አልሄድም» ብሎ እዚያው ቀርቶ፣ እዚያው ነው የተቀበረው። ለቀብሩ መኪና ተከራይታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት አልተመለሰችም። መንገዱ እንዲህ ነው፣ መኪና የለም፣ ሂሻም ታሟል፣ ሂሻም ሞቷል፤ ምክንያቱ እየተቀባበለ ዓመቱ ነጐደ።

ባለፈው ጥቅምት ኑኃሚን የምትባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጥታ በሯ ላይ ቆመች። በገጠር ስለ ውሃና ስለ ጤና የሚያጠና ቡድን ውስጥ ትሠራለች። እጇ ላይ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ወፍራም መጠይቅ አለ፤ ወደ አማርኛ፣ ሶማሊኛና ኦሮምኛ እንዲመለስላት ነው የምትፈልገው።

«ወይዘሮ ሀዎ እርስዎ ነዎት? ጥሩ አስተርጓሚ ነዎት ብለው ልከውኝ ነው» አለች።

«ነኝ፤ ግቢ። ግን አንቱ አትበይኝ አቦ፣ ድሬ ውስጥ አንቱታ ሰው ያርቃል» አለች ሀዎ፣ ወንበር እየሳበችላት።

ሀዎ በሁለት ቀን ግማሹን ጨረሰች። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ቃል ላይ ቆመች። ሪሞት የሚል ቃል ነው። ቃሉ አዲስ ሆኖባት አይደለም፤ ድሬ ውስጥ ሪሞት የማያውቅ ማን አለ? ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ በየዓይነቱ ተደርድሮ ይሸጣል። በመጠይቁ ውስጥም አንዱ ጥያቄ ስለ እሱ ነው፦ ቤታችሁ ቴሌቪዥን ከነሪሞቱ አለ ወይ ይላል። ችግሩ ሌላ ቦታ ሌላ መሆኑ ነው። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ያው ቃል የሥጋ ዝምድናው የራቀ ሰው ለማለት ገብቷል። ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ሊሆን ይችላል ተብሎ የማይታሰብ ነገርን ያመለክታል። ሀያ አምስተኛው ላይ ደግሞ የጤና ባለሙያው ሰውን ሲያናግር ይቀርባል ወይስ እንዲያው ዝግ ያለ፣ ፊቱን የሚያዞር ነው ለማለት ተጠቅመውበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መንደር። ሪሞት የሆነ መንደር።

በሶማሊኛ ፎግ ነው፣ በኦሮምኛ ፈጎ፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፣ አያስቸግሩም። በአማርኛ ሩቅ። ሩቅ ብላ ጻፈችና ብዕሯን አስቀመጠች። የሂሻምን መዝገበ ቃላት ገለጠች። ከትርጉሞቹ ሁሉ በኋላ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የቃሉ ምንጭ ተጽፏል። ከላቲን የመጣ ነው ይላል፤ በጥንቱ ትርጉም ወደ ኋላ የተወሰደ፣ ከቦታው የተነሣ፣ የተወገደ ማለት ነው።

ሀዎ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ ደግማ አነበበችው። ይህን ሁሉ ዓመት ሩቅ ማለት እንደ ተራራ፣ እንደ ድንጋይ፣ በቃ እንዲሁ የሆነ ነገር ይመስላት ነበር። የዚህ ቃል ሥር ግን አንድ ሰው ያደረገው ነገር ነው የሚለው። አንሥቶ የወሰደ አለ። ሼፍ በልጅነቷ ከዳዊት ሲያነቡላት ርኁቅ፣ የራቀ፣ የሚል የግዕዝ ቃል ትሰማ እንደነበር ትዝ አላት፤ ድምፃቸው ጭምር ጆሮዋ ላይ መጣ።

ያን ቀን ከመጠይቁ ጀርባ ያለውን የመንደሮች ዝርዝር ስታይ፣ ዐሥራ አራተኛው ተራ ላይ አንድ ቁጥር አየች። 352። ከጎኑ ደግሞ፣ ሪሞት።

ኑኃሚን ከሰዓት ስትመጣ ሀዎ ሰላምታ እንኳ ሳታስጨርሳት ወረቀቱን አሳየቻት።

«ይሄን ማነው የጻፈው?»

«ቢሮ ነው፤ ከካርታ ላይ» አለች ኑኃሚን። «ከአስፋልት ከዐሥር ኪሎ ሜትር በላይ ከወጣ እንደዚያ ነው የምንለው። ምነው፣ ተሳስቷል?»

«እዚህ ቦታ ነው የተወለድኩት። እኔ ልጅ ሆኜ ሃምሳ ሁለት ላይ በረዶ ይበላ ነበር። በረዶ! አንቺ አዲስ አበባ ሆነሽ በረዶ የት ታገኚ ነበር?»

ኑኃሚን ሳቀች፤ የሀዎን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠችው። ትንሽ ካሰበች በኋላ፣ «ሐሙስ ወደዚያ እንሄዳለን» አለች። «አስተርጓሚያችን አሞታል። ለምን አብረሽን አትሄጂም?»

ሐሙስ ማለዳ ተነሡ። መልካ ጀብዱን አልፈው፣ ሁርሶን አልፈው፣ ከአስፋልቱ ወጥተው አቧራ ውስጥ ገቡ። መኪናው በየጎርፉ ጉድጓድ እየወረደ እየወጣ ሀዎን ወገቧን ፈጃት። በቀኝ በኩል አሮጌው ሐዲድ አንዳንድ ቦታ ብቅ ይላል፣ አንዳንድ ቦታ ብረቱ ተነቅሎ ጠጠሩ ብቻ ቀርቷል። አባቷ በእጁ ያጠበቃቸው ብሎኖች እነዚህ ናቸው ወይስ እነዚያ እያለች ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም። ራቅ ብሎ በራሱ መስመር የሚሄደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ነጭ ሆኖ ሽው ብሎ አለፈ።

ሃምሳ ሁለት ሲደርሱ ከአምስቱ ቤቶች ሦስቱ ጣሪያ አልነበራቸውም። በዙሪያው አዳዲስ የአርብቶ አደር ጎጆዎች ተተክለዋል፤ ሠላሳ ያህል ቤተሰብ አለ። የጣቢያው በረንዳ ላይ ፍየሎች ተኝተዋል። ከፍየሎቹ መካከል አንዲት ሴት ተቀምጣ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ መኪናውን ለማየት ትታገላለች። ዓይኖቿ ላይ እንደ ወተት ያለ ነገር ወርዷል። ሀዎ እጇን በጋረደችበት አኳኋን ነው ያወቀቻት።

«ሰምሰም» አለቻት በሶማሊኛ። «ሀዎ ነኝ።»

ሰምሰም እጇን አወረደች። አልተነሣችም። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ እንግዳ» አለች።

ሀዎ መሬት ላይ ከአጠገቧ ተቀመጠች። ኑኃሚን ወረቀቷን አውጥታ ጀመረች፤ እሷ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ሀዎ በሶማሊኛ ታደርሳለች፣ ሰምሰም ደግሞ እንደ ፍርድ ቤት ምስክር አጠር አጠር አድርጋ ትመልሳለች። ውሃ ከየት? ቦቴ በወር ሁለቴ ያመጣል። ሐኪም? የለም። ልጆች? ሁለቱ ጅግጅጋ።

«ከዚህ እስከ ቅርቡ ከተማ ምን ያህል ይርቃል?» ብላ ተረጎመች ሀዎ።

ሰምሰም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ እሷ አዞረች። «የድሮውን ነው የአሁኑን?»

«የአሁኑን።»

«ድሮ ጠዋት ወተት ይዤ በባቡር ወጥቼ፣ ሸጬ፣ ስኳርና ሻይ ይዤ ጀምበር ሳትጠልቅ እዚሁ ነበርኩ። አንቺም ታውቂዋለሽ። አሁን ለስኳር ሁለት ቀን ነው፤ ያውም ያ የጭነት መኪና ከመጣ። ጻፊው፤ እኛ አልተነሣንም በይ። ሄዳችሁ የራቃችሁት እናንተ ናችሁ። እናቴ ስትሞት ላክሁብሽ። ደግሜ ላክሁብሽ። አባትሽ መቃብር ላይ ድንጋዩ ሲወድቅ ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

ኑኃሚን ብዕሯን ይዛ፣ «ምን አለች?» ስትል ሀዎ አልተረጎመችም። በአርባ ዓመት የሥራ ዘመኗ መልስ ስታስቀር ያ የመጀመሪያዋ ነው።

«መልእክትሽ ደርሶኛል» አለች ወደ ሰምሰም ዞራ። «ሂሻም በዚያን ጊዜ ደሙ በማሽን ነበር የሚታጠበው። ጥዬው የምወጣበት ቀን አልነበረኝም። ከሞተ በኋላ ደግሞ... አፈርኩ። ምን ብዬ ልምጣ? እያልኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ።»

 አንዲት ፍየል ሻርፗን ስታኝክ ሰምሰም አላባረረቻትም።

«ሂሻም ሞተ?»

«ስድስት ዓመቱ።»

«እኔ እኮ አልሰማሁም! ማን ይነግረኛል እዚህ?» አለች ሰምሰም፤ ድምፏ ተለወጠ። በዳበሳ የሀዎን ክንድ ፈልጋ ያዘች። «ወላሂ አልሰማሁም። ያ መታወቂያ ጠያቂ! አንቺ ሰማይ ሰማይ እያየሽ ስትኮሪበት እኔ ነኝ በባቡሩ መስኮት 'በሚመጣው ዓርብም ትመጣለች' ብዬ የነገርኩት። ይህን ነግሮሻል?»

አልነገራትም ነበር። ሀዎ ከዐርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከሰውዬው ሞት በኋላ፣ ይህን አዲስ ነገር ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ዕንባዋ መጣ። ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው በረንዳው ላይ አለቀሱ። ኑኃሚን ምንም ሳይገባት መጠይቁን ዘግታ ወደ መኪናው ሄደች፤ ውሃና ብስኩት ይዛ እስክትመለስ ድረስ ብዙ ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዋርሳን መቃብር ሄዱ። ሰምሰም ዓይኗ ባያይም መንገዱን የምትመራው እሷ ነበረች። ሀዎ የወደቁትን ትናንሽ ድንጋዮች እየለቀመች መለሰች፤ ፋቲሃ አነበቡ። ስትመለስ የጣቢያውን ግድግዳ ዳሰሰች። ስልኩ የነበረበት ቦታ አራት የሚስማር ቀዳዳ አለ።

በመመለሻው መንገድ ኑኃሚን፣ «ታዲያ ያቺን ቃል ምን እንበላት?» ብላ ጠየቀቻት።

«ለዘመዱ ሩቅ በይው፣ ለቴሌቪዥኑ ሪሞት በይው፣ ለሐኪሙ ዝግ ያለ በይው» አለች ሀዎ። «ለመንደሩ ግን ሩቅ አልጽፍም። 'አገልግሎት የራቀው' ብዬ ነው የምጽፈው። ሐኪሙ ነው የራቀው፣ ባቡሩ ነው የራቀው።»

ኑኃሚን አዲስ አበባ ደውላ ተከራከረች። ቢሮው በሦስቱም ቋንቋዎች የሀዎን አጻጻፍ ተቀበለ፤ የእንግሊዝኛው ግን እንዳለ ነው የታተመው። ሀዎም ይህን ስትሰማ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ አድርጋ ወደ ሌላ ወረቀቷ ዞረች፤ እሷን የያዛት ጉዳይ ሌላ ነበር።

በኅዳር፣ ውሃ የሚያመላልሰውን የቦቴ ሾፌር ፈልጋ፣ ለምና፣ ሰምሰምን አስመጣቻት። ሰምሰም ከቦቴው ጋቢና ስትወርድ አንድ ጠርሙስ የግመል ወተትና ለስድስት ሰው የሚበቃ ቁጣ ይዛ ነበር፤ ሾፌሩ መንገዱን ሁሉ ሲያጨስ ነው የመጣው። ሀዎ ሳቢያን ሰፈር በሚገኘው ቤቷ አስቀመጠቻት። በማግሥቱ በባጃጅ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰደቻት። ሐኪሙ የሁለቱም ዓይን ሞራ መገፈፍ አለበት አለ፤ በመጀመሪያ ግን አንዱን።

ቀዶ ጥገናው በተደረገ በማግሥቱ ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ ሀዎ ከአልጋው ፊት ለፊት ቆማ ነበር። ሰምሰም ዓይኗን አርገበገበች። ግድግዳውን አየች፣ ነርሷን አየች፣ ከዚያ ሀዎን ብዙ ጊዜ ወስዳ አየቻት። ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ ያየቻት ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው።

«ያ አላህ፣ አንቺ!» አለች። «እንዴት ነው እንዲህ ያረጀሽው?»

ነርሷ ደነገጠች። ሀዎ ግን ሳቋ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ከሐኪም ቤቱ ወጥተው፣ ሰምሰም በአንድ ዓይኗ የከዚራ ሰፈርን ዛፎች እያየች፣ የሱቆቹን ሰሌዳ ቀለም በየተራ እየጠራች፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው እያለች፣ ቀስ ብለው ሄዱ። መንገድ ዳር በስኳር የራሰውን ሙሸበክ የሚጠብስ ሰው አግኝተው በጋዜጣ አስጠቅልለው ገዙ። ቆመው ነው የበሉት፤ ስኳሩ በጣታቸው እየወረደ።